«በልቻለሁ» የምንል ልጆች

እናቴ አፍ ስንፈታ ካስተማረችን ቃላት አንዱ «በልቻለሁ» ነው። «እማዬ» እና «ውሃ» ከሚሉት ቀጥሎ ይመጣል። ሰው ቤት ስንሄድ እንጀራ ቢቀርብ በልቻለሁ፣ ዳቦ ቢቆረስ በልቻለሁ፣ ቆሎ እንኳ ቢዘገን በልቻለሁ። የቤቱ እመቤት ሦስት ጊዜ ከለመነች፣ እናቴም በዓይኗ ከፈቀደች፣ ትንሽ ቆንጠር አድርጎ መቅመስ ይቻላል። ሳይለመን እጁን የሰደደ ልጅ ሆዳም ነው። ሆዳም ልጅ ደግሞ የእናቱን ገመና አደባባይ ያወጣል።

እናቴ እንደ ሌሎቹ የሰፈር እናቶች ግድግዳ ላይ አለንጋ አትሰቅልም ነበር። መምታት አያስፈልጋትም፤ ዓይን ነበራት። እንግዳ ፊት ተቀምጣ፣ ፈገግታዋ ከፊቷ ሳይጠፋ፣ አንድ ጊዜ ገልመጥ ካደረገችን የዘረጋነው እጅ መንገድ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያ ልጅ ስለሆንኩ ይህን ግልምጫ ቀድሜ የወረስኩት እኔ ነኝ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ታናሽ እህቴን ልክ በእናቴ ዓይን መገልመጥ እችል ነበር። ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝና እኮራበት ነበር። ምን ያለ የማይረባ ኩራት እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጧጧፈበት ሰሞን ነው። ዛሬ ሀዋሳ የምንላትን ከተማ ያኔ አዋሳ እንላት ነበር። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ከሸዋ ተዛውሮ መጥቶ እዚሁ ቀረ። የምንኖረው ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የቸኮለ በጋሪ፣ ያልቸኮለ በእግሩ ይሄዳል። ዱቄትም ስኳርም የሚገኘው በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ ነው። ሰው ሰልፉ ላይ ዘንቢሉን አስቀምጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የሰውን ዘንቢል ከቦታው የሚያነሳ አልነበረም። ይህን ለዛሬ ልጆች ስነግራቸው ከዱቄቱ እጥረት ይልቅ የሚገርማቸው የዘንቢሉ ነገር ነው።

ያሳደገችን እናታችን ብቻ አይደለችም፤ ሰፈሩ ሁሉ ነው። ሽማግሌ ሲያልፍ ከተቀመጥንበት ካልተነሳን የማናውቀው ሰው መጥቶ ጆሯችንን ይይዛል። ቤት ገብተን ብንከስ «ምን አጥፍተሽ ነው?» ተብለን እንደገና ስለምንቀጣ አንከስም። ትልቅ ሰው ዘንድ ተልከን ስንሄድ እጅ ነስተን ሰላም እንላለን፣ የቤተሰቡን ደህንነት ተጠይቀን እንመልሳለን፣ እኛም እንጠይቃለን። ሰላምታው ሳያልቅ ጉዳይ አይነገርም። በር ላይ ቆሞ «እገሌ ይህን አምጪ ብላሻለች» ብሎ የሚጮህ ልጅ ስድ አደግ ነው፤ ስድ አደግ መባል ደግሞ ከመገረፍ ይከፋ ነበር።

እህቴ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ውሃ መጠጣት አበዛች። ጣሳ ሙሉ ጠጥታ ጣሳውን ሳታስቀምጥ ደግማ ትቀዳለች። ክብ የነበረ ፊቷ ሾለ፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ። አባቴ ይርጋለም ሆስፒታል ወስዶ አስመረመራትና የስኳር በሽታ ነው ተባለ። ስኳር በወር አንዴ በምናይበት ዘመን «ስኳር በዛባት» መባሉ ሰፈሩን ግራ አጋባው። አንዲት ጎረቤታችን እናቴን ልታጽናና መጥታ፣ ስትወጣ በር ላይ «እኛ የተካፈልነው እኩል፣ እነሱ ስኳሩን ከየት አመጡት?» ስትል ሰምቻታለሁ። እናቴም ሰምታታለች።

በየቀኑ ጠዋት መርፌ መወጋት ነበረባት። ከእኛ ቤት ሦስተኛው አጥር ውስጥ አንዲት ድሬሰር፣ ቁስል የምታጥብና መርፌ የምትወጋ የጤና ረዳት፣ ትኖር ነበር። የሲዳማ ሴት ናት፤ የወንጌል አማኝ ነች፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ ባለው ጤና ጣቢያ ነበር ሕሙማን የምታክመው። እናቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰላምታ በቀር ቤቷ ገብታ አታውቅም። ድሬሰሯ ግን ነገሩን ስትሰማ ራሷ መጣችና «መድኃኒቷ እኔ ጋ ይቀመጥ» አለች። ማቀዝቀዣ በሰፈራችን የለም። እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ብልቃጧን በጨርቅ ጠቅልላ ትቀብራታለች፤ አሸዋው እንዳይደርቅ ማታና ጠዋት ውሃ ታርከፈክፍበታለች። የመስታወቱን መርፌ በትንሽ ድስት ቀቅላ፣ ለእህቴ ክንዷን አሽታ ትወጋታለች። ለዚህ ሁሉ ምስጋና እንኳ በቅጡ አትቀበልም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን እናቴን፣ እኔንና እህቴን አስቀምጣ አማርኛዋን እየመረጠች አስጠነቀቀችን።

«መርፌው ምግብ ይፈልጋል። ምግብ ካላገኘ ልጅቷን ይበላል። መጀመሪያ ትበላለች፣ ከዚያ እወጋታለሁ። ላብ ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ወሬዋ ከተደባለቀ፣ ስኳር አፏ ውስጥ ነው። ስኳር ከሌለ ማር፣ ማር ከሌለ ከረሜላ። ቶሎ ነው። ቆሞ ማሰብ የለም።»

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ፣ መርፌውን አንስታ ከመሙላቷ በፊት፣ «ቁርስ በላሽ?» ትላታለች። እህቴም «በልቻለሁ» ትላለች። በልታ ስለምትመጣ እውነቷን ነበር። እናቴ ሌላው ቢቀር የእሷን ቁርስ አታስታጉልም፤ የእኛ ድርሻ ይቀነስ እንደሆነ እንጂ። ቃሉ ከመርፌው በፊትም ቃላችን ነበርና ያለችግር ይወጣላታል። ድሬሰሯ ይህን ቃል እኛ ቤት ስንት ቦታ እንደምንጠቀምበት አታውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአባቴ አጎት ከአገር ቤት መጡ። አባቴ ለመሠረተ ትምህርት ወደ ገጠር ተልኮ ቤት የለም። ሽማግሌው ሁለት ቀን በመኪና ተንገላተው ነው የደረሱት፤ በበነጋው ደግሞ ወደሚቀጥለው ዘመድ ሊሄዱ ነው። ቤት ያለው ዱቄት እያለቀ ነበር። እናቴ በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ለሰልፍ ልትወጣ ስትል በቀረው ዱቄት ሁለት ቂጣ ጋገረች። በርበሬና ዘይት ቀብታ ሸፈነቻቸውና «አንዱን ለአባባ አቅርቢ፤ ሌላውን ሁለታችሁ ብሉና ወደ መርፌዋ ውሰጃት» አለችኝ። ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

እኔ ግን አንድ ቂጣ ለእንግዳ ማቅረብ አፈርኩ። ትሪው ላይ ሳስቀምጠው ትንሽ ሆኖ ታየኝ፤ ሽማግሌ ከዚያ ሁሉ አገር መጥቶ፣ የወንድሙ ልጅ ቤት በአንድ ቂጣ! ሁለቱንም ደርቤ አቀረብኩላቸው። ወጉ ደግሞ እንዲህ ነው፤ እንግዳ በልቶ ለልጆች ያስተርፋል። ልጆች ቆመው ያስታጥባሉ፣ ውሃ ያቀብላሉ፣ የተረፈውን ትሪ ይዘው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ሲያስተርፉ እንበላለን ብዬ ነው።

ሽማግሌው አልረሱንም። ገና እጃቸውን ሲታጠቡ «እናንተስ ልጆቼ?» አሉ። እኔና እህቴ አንድ ላይ፣ ተለማምደን የመጣን ይመስል፣ «በልተናል አባባ» አልን። አንድ አንድ ጉርሻ አጎረሱን። ከዚያ በልተናል ያሏቸው ልጆች ፊት ሁለቱንም ቂጣ ረጋ ብለው ጨረሱ። ሲጨርሱ «ጨዋ ልጆች! ያሳደገቻችሁ እናት ትባረክ» ብለው መረቁን። ሽማግሌው ምንም አላጠፉም፤ እኔ ባዶውን ትሪ ይዤ ጓዳ ስገባ ግን ጠላኋቸው።

ሰዓቱ እየሄደ ነበር። ድሬሰሯ ቡሹሎ ለመድረስ በጊዜ ስለምትወጣ ከዘገየን አናገኛትም፤ መርፌው ከቀረ ደግሞ እንደዚያኛው ሰሞን ልትከሳ ነው። እህቴን እጇን ይዤ በሩጫ ወሰድኳት። ድሬሰሯ ልብሷን ለብሳ ጨርሳ ቁርሷን ልትበላ ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ ቆጮ በሳህን ተቀምጧል፤ አጠገቡ አይብ አለ፤ እንፋሎቱ ገና አልበረደም። መርፌውን ከድስቱ እያወጣች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ቁርስ በላሽ?» አለች።

እህቴ ቆጮውን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

ድሬሰሯ ያስጠነቀቀችንን በሙሉ በቃሌ አውቀው ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን «አልበላችም» ማለት እኛ ቤት ቁርስ የለም ማለት ነው። እናቴ ቤቷን ጥላ ወጥታለች ማለት ነው፤ እንግዳችን የታመመች ልጅ ምግብ በልተዋል ማለት ነው። ደግሞም የተዘጋጀ ምግብ ላይ ቆሞ አልበላሁም ማለት ስጡኝ ማለት ነው፤ ይኸውም ከልመና አይለይም። ከዚያ ይልቅ አንዲት ጉርሻ በልታለች፣ ስለዚህ ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። እህቴን በእናቴ ዓይን ገለመጥኳት።

«በልቻለሁ» አለች።

ድሬሰሯ ወጋቻትና ቁርሷን በጥድፊያ ጎራርሳ እኛን ተከትላ ወጣች። እሷ ወደ ቡሹሎ፣ እኛ ወደ ትምህርት ቤት።

መናኸሪያውን አልፈን ጥቂት እንደሄድን እህቴ ዝም አለች። አፏ የማያርፍ ልጅ ነበረች፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ጋሪ ፈረሶች ስታወራ ነው የምንደርሰው። ዞሬ ሳያት ግንባሯ በላብ ተነክሯል። ጠዋት ነው፣ ብርድ አለ፣ የሐይቁ ነፋስ እየነፈሰ ነው፤ እሷ ግን ላቧ ይንጠባጠባል። «እግሬ የኔ አይደለም» አለችኝና መንገዱ ዳር ካለ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ከዚያ ትርጉም የሌለው ነገር ማውራት ጀመረች፤ እኔን በእናታችን ስም ጠራችኝ። እጇ ሲንቀጠቀጥ የደብተሯ ገጾች አብረው ይርገበገባሉ።

ከዛፉ ማዶ አንድ ሻይ ቤት ነበር። ሮጬ ገባሁ። ከባንኮኒው ጀርባ የቆሙት ሴት ትልቅ ሰው ናቸው፤ በሩቁ አውቃቸዋለሁ እንጂ አነጋግሬያቸው አላውቅም። በሩ ላይ ስደርስ እግሬ ራሱ ቆመ። ወገቤ ራሱ ጎንበስ አለ።

«እንደምን አደሩ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደርሽ ልጄ? እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አባትሽስ?»

«ደህና ነው። እርስዎስ ደህና ነዎት? ልጆችዎ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ምን ፈለግሽ የኔ ልጅ?»

«ምንም» አልኳቸው።

ይህን በዕድሜዬ ሁሉ ለማንም አስረድቼ ማሳመን አልቻልኩም። እህቴ ከደጅ ወድቃለች፤ ስኳር እንደሚያድናት አውቃለሁ፤ ስኳር ደግሞ ሴትዮዋ አጠገብ በጣሳ ተቀምጧል። ከማላውቀው ሰው ቤት የሚበላ ነገር ስጡኝ የሚል ቃል ግን አፌ ውስጥ አልነበረም። ማንም አላስተማረኝም። ፈልጌ አጣሁት። «ምንም» አልኩና ቆምኩ፤ እንባዬ ብቻ ፈሰሰ።

ነገሩን የተረዱት ሴትዮዋ ናቸው። ከባንኮኒው ጀርባ ወጥተው በትከሻዬ አሻግረው ወደ ውጭ ተመለከቱ። «በስመ አብ! ያቺ ልጅ ምን ሆነች?» ሲሉ ነው አንደበቴ የተፈታው። «ስኳር!» ብዬ ጮህኩ። ሻይ ይጠጣ የነበረ አንድ ጋሪ ነጂ ብርጭቆውን ጥሎ ሮጠ። እህቴን አንስቶ ሲያስገባት ጭንቅላቷ ክንዱ ላይ ይንከባለል ነበር፤ ጥርሷን ነክሳለች። ሴትዮዋ ስኳር በጣታቸው እያነሱ ድዷን ያሻሉ፤ እኔ አጠገባቸው ተንበርክኬ «በልቻለሁ ስላለች ነው፣ በልቻለሁ ስላለች ነው» እላለሁ። በዚያ ዘመን ያ ጣሳ የሻይ ቤቱ የስንት ቀን እንጀራ እንደነበር ሴትዮዋ አንድም ቀን አላነሱብንም። እስክትነቃ ድረስ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። መጀመሪያ ከንፈሯን ላሰች። ቀጥሎ ዓይኗን ገለጠች፤ ፊት ለፊቷ ያሉትን ሴትዮ አየችና በደከመ ድምፅ «እንደምን አደሩ?» አለቻቸው። ሴትዮዋ ይኼኔ አለቀሱ።

ጋሪ ነጂው በጋሪው ቤታችን ድረስ አመጣን። እናቴ ዱቄቷን ተሸክማ ስትመጣ ደጃፋችን ላይ ሰው ተሰብስቦ አገኘች። ሁሉን ነገርኳት፤ ስለ ሁለቱ ቂጣ፣ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ሻይ ቤቱ። ስለ ግልምጫው ግን አልነገርኳትም።

ድሬሰሯ ከሥራ ስትመለስ ሰምታ መጣች። እንደዚያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። በእርስዎ ስታናግራት የኖረችውን እናቴን ያን ቀን አንቺ አለቻት።

«እኛ ቤት ልጅ ራበኝ ካላለ ታሟል ነው የምንለው! የእናንተ ልጅ ጨዋ የሚሆነው ሲሞት ነው? እኔ መርፌ ይዤ እጠይቃታለሁ፣ እሷ ለእንግዳ መልስ ትመልስልኛለች!»

እናቴ አንገቷን ደፍታ ሰማቻት። በማግሥቱ ጠዋት ራሷ እኛን ይዛ ሄደችና ድሬሰሯ በር ላይ ቆማ፣ እኛ እየሰማን፣ «ልጆቼ በልተናል ቢሉሽ አትመኛቸው። ካለሽ ነገር አቅምሻቸው» አለቻት። ይህን ለማለት ምን ያህል እንደከበዳት ያወቅኩት አንገቷ ላይ ያለው ሥር ሲቆም አይቼ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ድሬሰሯ መጠየቅ ተወች። ሳህን ታቀርባለች፤ እህቴ ፊቷ ተቀምጣ ስትበላ ታያለች፤ ከዚያ ትወጋታለች። በጾም ቀን አይቡን አንስታ ጎመን ታደርግላት ነበር።

እናቴ ቀስ በቀስ «ከራባችሁ ተናገሩ፣ ነውር የለውም» ትለን ጀመር። አልሆነም። በዓይን የገባ ነገር በአፍ አይወጣም መሰለኝ። ሰው ቤት ስንሄድ ቃሉ ቀድሞን ይገኛል። እናቴ በዚህ ስትጸጸት ኖረች፤ «በገዛ አፌ ልጄን ልገድላት ነበር» ትል ነበር ለሰው። እንዲህ ባለች ቁጥር ጓዳ እገባለሁ። «ያንቺ አፍ አይደለም፣ የኔ ዓይን ነው» ማለት ነበረብኝ። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ መናገሩ ይበልጥ እየከበደኝ ሄደ፤ እናቴ ሳትሰማው አለፈች።

አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የልጅ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ባለፈው የጎረቤታችንን ቤት አንኳኩታ ገብታ፣ ሰላም ሳትል፣ «ሩዝ አላችሁ? ርቦኛል» ብላ ማቀዝቀዣቸውን ከፍታለች። ጎረቤቲቱ እየሳቀች ነገረችኝ። እኔ ግን ፊቴ እሳት ሆነ። ልጅቱ ስትመጣ የቆየ ልማዴ አልለቅ ብሎኝ ያንን ግልምጫ ሰጠኋት። ቀረብ ብላ እያየችኝ «እማማ፣ ዓይንሽን ያምሻል እንዴ?» አለችኝ። እኛ አያታችንን በእርስዎ ነበር የምናናግረው። ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጣብኝና «አዎ፣ ያመኛል» አልኳት።

እድር ላይ እኩዮቼ ሲሰበሰቡ ወሬው አንድ ነው። የዛሬ ልጅ ተበላሸ፣ እኛ እኮ በሥርዓት ነው ያደግነው፣ ትልቅ ሰው ሲመጣ እንነሳ ነበር። እውነት ነው፣ እንነሳ ነበር። አንዳንዴ ግን «ሥርዓት» ሲሉ ጥርሴን እነክሳለሁ። የልጅ ልጄ ያን ቀን በእህቴ ቦታ ብትሆን ኖሮ ገና መርፌው ሳይታይ «አልበላሁም፣ ቆጮውን ስጪኝ» ትል ነበር፤ ታሪኩም እዚያ ያልቅ ነበር። ደግሞ በሌላ ቀን ሌላ ነገር እላለሁ። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ጥሎኝ ሦስት ቀን ስተኛ በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም፤ ስልኬ ላይ ግን የአበባ ሥዕል ተላከልኝ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው፤ አሁን ልጆቼ ቤት ሁሉም ሳህኑን ይዞ ወደየክፍሉ ይገባል፣ እስካሁንም ማንም አልሞተም። ድሬሰሯ ግን ዘመዷ ያልሆነችን ልጅ በየጠዋቱ ቁርስ በላሽ ብላ ትጠይቅ ነበር። እኛ ዋሸን እንጂ ጠያቂ አላጣንም። የትኛው እንደሚሻል ጠይቁኝና እንደ ቀኑ እመልስላችኋለሁ።

እህቴ እስከ ሃያ አንድ ዓመቷ ኖረች። ደርግ በወደቀበት ዓመት፣ መንገዱ ሁሉ በወታደር ሲተራመስ፣ መድኃኒቷ ከየመድኃኒት ቤቱ ጠፋ። ድሬሰሯ ያላንኳኳችው በር አልነበረም። ማሰሮው ውስጥ ያለው አሸዋ ብቻ ቀረ። ቀብሯ ላይ ድሬሰሯ ከእናቴ ጎን ቆማ በሲዳምኛ አለቀሰች፤ እናቴ ቃሉን ሳታውቀው አብራ ትመልስላት ነበር።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከማስተምርበት ወረዳ ለእረፍት መጥቼ፣ እኔና እህቴ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ምስር እንለቅም ነበር። ለምን ያን ቀን እንደመረጥኩ አላውቅም። ምናልባት ስለከሳች ነው። «አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት። «ያን ቀን፣ ድሬሰሯ ስትጠይቅሽ፣ ልትናገሪ ነበር። በግልምጫ አፍሽን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እማዬ በከንቱ ነው የምትጸጸተው። ይቅር በይኝ።»

ጠጠር ለቅማ ጣለች። «መች ገለመጥሽኝ?» አለችኝ።

«ቀና ብለሽ ስታዪኝ።»

«ዓይንሽን መች አየሁት፤ ከንፈርሽን ነው ያየሁት። ደርቆ ነበር።»

አልገባኝም። «ታዲያ ለምን በልቻለሁ አልሽ?» አልኳት።

«ቆጮው አንድ ሳህን ነው» አለች፤ ከምስሩ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር እንደምትናገር ሁሉ። «አልበላሁም ብላት ለእኔ ትሰጠኛለች። አንቺንም ትጠይቅሻለች። አንቺ በልቻለሁ ትያለሽ፤ አውቅሻለሁ። ከዚያ ቆመሽ ስበላ ልታዪኝ ነው። አንቺም እኮ አልበላሽም ነበር።»

ያ ቀን እኛ ቤት ስንት ጊዜ እንደተወራ ቁጥሩን አላውቅም። እናቴ አውርታዋለች፣ ድሬሰሯ አውርታዋለች፣ ሰፈሩ አውርቶታል፤ እኔም አሥር ዓመት በልቤ ሳመላልሰው ኖሬአለሁ። በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ እኔም በባዶ ሆዴ እንደነበርኩ ያነሳ ሰው የለም፤ ራሴም ረስቼው ነበር። እህቴ ብቻ አልረሳችውም።